የጓሳ ሣርና የጠባቂዎቹ ጉባኤ
(በተማሪዎች ማኅበር የውይይት ምሽት የተደረገ ንግግር)



የዛሬው የንግግሬ አርእስት ሣር ነው። ስለ ሣር ለመስማት ብላችሁ ከእራት በኋላ ወደዚህ አዳራሽ እንዳልመጣችሁ አውቃለሁ። ነገር ግን የማኅበራችን ዓመታዊ ጠቅላላ ጉባኤ በተቃረበበት በዚህ ሰሞን ሁላችንም «ማን ይመረጥ?» እያልን ስንሟገት፣ «የሚመረጠው ምን ሊጠብቅልን ነው?» ብሎ የሚጠይቅ ጠፍቷል። ስለዚህ መልሱን ከሩቅ አገር ሕገ መንግሥት ሳይሆን ከደጃችን ከመንዝ ልፈልገው አሰብሁ።

በሰሜን ሸዋ ስለ አስተዳደር ሲነሣ የሁላችን ልብ ወደ አንኮበር ይሄዳል። ንጉሥ ሣህለ ሥላሴ ሸዋን ያስተዳደሩት ከዚያ ተራራ ላይ ነው፤ የምንኖርባት ደብረ ብርሃንም በ15ኛው መቶ ዓመት የዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ መቀመጫ ነበረች። ከላይ ወደ ታች የወረደው ትእዛዝ ጸሐፊ አላጣም። ገበሬዎች ራሳቸው አውጥተው ራሳቸው ያከበሩት ሕግ ግን ከመንዝ ሰው በቀር የሚያነሣው ጥቂት ነው።

ጓሳ በመንዝ ጌራ ምድር፣ ከባሕር ወለል በላይ ከ3,200 ሜትር ጀምሮ ከፍ ብሎ የተዘረጋ፣ ስፋቱ ወደ 100 ካሬ ኪሎ ሜትር የሚደርስ ደጋ ነው። ስሙ የሣሩም ስም ነው። ሣሩ ቤት ይከድናል፣ ገመድ ይሆናል፤ ሌላው መስክ በደረቀ ጊዜም ለከብት የመጨረሻ መጠጊያ ነው። ጭላዳና ቀይ ቀበሮም ይኖሩበታል። በዓለም ላይ የቀሩት አዋቂ ቀይ ቀበሮዎች 500 እንደማይሞሉ ልብ በሉ፤ ሁሉም ያሉት በኢትዮጵያ ነው።

ይህ መስክ ይጠበቅበት የነበረው ሥርዐት «ቀሮ» ይባላል። ከ17ኛው መቶ ዓመት ጀምሮ እንደ ቆየ ይነገራል። ከአስቦና ከጌራ፣ ማለት ከሁለቱ አቅኚ አባቶች፣ ዘሩን የሚቆጥር ሁሉ ድርሻ ነበረው። ባለ ድርሻዎቹ ተሰብስበው አለቆቻቸውን ይመርጣሉ፤ አለቆቹም አባ ቀራና አፈሮ ይባሉ ነበር። መስኩ ሦስትም አምስትም ዓመት ይዘጋል። ሣሩ ደረሰ ሲባል በበጋ ይከፈታል፤ አስቀድሞ ማጭድ ይገባል፣ ከማጭዱ በኋላ ከብት ይገባል፣ ክረምት ሲመጣ ደግሞ ሁሉም ይወጣል። ውሳኔው በቤተ ክርስቲያን፣ በገበያና በቀብር ላይ ይለፈፍ ነበር። በእነዚህ በሦስቱ ቦታዎች የማይገኝ የመንዝ ሰው ስለሌለ «አልሰማሁም» የሚል አይኖርም። (እኛ አንዲት ወረቀት ከምግብ ቤቱ በር ላይ ለጥፈን «ለተማሪው ሁሉ ተነግሯል» እንላለን።)

አምስት ዓመት ቀላል ነገር አይምሰላችሁ። ጣሪያው የሚያፈስበት ሰው፣ በሬው የከሳበት ሰው፣ የደረሰውን ሣር በዓይኑ እያየ አልፎ ይሄዳል። ለምን ያልፋል? ቅጣትን መፍራት አንዱ ምክንያት ነው፤ ነገር ግን ያን ሁሉ ደጋ ቀንና ሌሊት የሚዞር ዘበኛ ከየት ይገኛል? እኔ እንደሚመስለኝ ሰውየው የሚያልፈው፣ ዛሬ እርሱ ከተወው ነገ ጎረቤቱም እንደሚተወው ስለሚያምን ነው። ያ እምነት የሚገኘው ደግሞ «ይዘጋ» በተባለበት ቀን ሁለቱም በአንድ መስክ ላይ ተቀምጠው ስለ ነበረ ነው።

እዚህ ላይ አንዳንድ ጓደኞቼ «የአባቶቻችን ዲሞክራሲ ይህ ነው!» ብለው ሊያጨበጭቡ ተዘጋጅተው ይሆናል። ጥቂት ይታገሡኝ። በዚያ ጉባኤ ዘር መቁጠር የማይችል ሰው ቦታ አልነበረውም። ከሌላ አገር መጥቶ የሰፈረ፣ በእጁ ሥራ የሚኖር፣ ርስት የሌለው ሰው ከጓሳ ጥግ ቢኖርም ጓሳ የእርሱ አልነበረም። ሣሩ የተጠበቀው በጥበብ ብቻ ሳይሆን በመከልከልም ነው። ይህን ሸሽጎ ቀሮን ማመስገን ለእኔ ታሪክን ማጣመም ነው።

የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት የሕዝብ ሀብት እንዲሆን ሲታወጅ ርስት ቀረ፣ ከርስት ጋራም ቀሮ ቀረ። የተከለከለው ሰው መብት አገኘ፤ ይህ ፍትሕ ነበር። ነገር ግን አባ ቀራ ሲሻር «ዘንድሮ አይከፈትም» የሚል አንደበት አብሮ ተሻረ። የገበሬ ማኅበራት በየፊናቸው ሆኑ፣ ሣሩ ያለ ጊዜው ታጨደ፣ ከብቱ ያለ ጊዜው ገባ። አዲሱ ባለ መብት የደረሰው ሁሉም የሚጠቀምበት፣ የሚዘጋው ግን የሌለው መስክ ሆነ።

የጓሳ ታሪክ በዚህ አልቆመም፤ እኔንም ለንግግር ያስነሣኝ ከዚህ በኋላ ያለው ነው። በአካባቢው ያሉ ገበሬዎች እንደገና ተሰባስበው በዘር ሳይሆን በነዋሪነት የቆመ የጥበቃ ኮሚቴ አቋቋሙ። በኮሚቴው ሽማግሌና ካህን ብቻ ሳይሆኑ ሴቶችና ወጣቶችም ይገኙበታል፤ መተዳደሪያ ደንብም አላቸው። በ2004 ዓ.ም. የአማራ ክልል መንግሥት ጓሳን የማኅበረሰብ ጥብቅ ስፍራ አድርጎ በደንብ አጸደቀው። እንግዲህ በሩን አስፍቶ መስኩን መዝጋት ይቻላል ማለት ነው። ለእኔ ይህ ከቀሮ ይልቅ የከበደ ሥራ ነው፤ በዘመዳሞች መካከል መስማማትና በማይዛመዱ ሰዎች መካከል መስማማት አንድ አይደሉምና።

የምፈራው አንድ ነገር አለ። ቤቱን በቆርቆሮ የሚከድን ሰው በበዛ ቁጥር ሣሩን የሚፈልገው ያንሳል። ሣሩን የማይፈልግ ሰው ደግሞ «ሣሩ መቼ ይከፈት?» ወደሚባልበት ስብሰባ ለምን ይመጣል? በሣሩ ፋንታ አሁን ቀበሮውንና ጭላዳውን ሊያይ የሚመጣ እንግዳ የሚያስገባው ገንዘብ አለ፤ ማኅበረሰቡም የራሱ የእንግዳ ማረፊያ አለው። መልካም ነው። ነገር ግን ሣርና ገንዘብ ልዩ ልዩ ጠባይ አላቸው። ያለ ጊዜው የታጨደ ሣር ከማዶ ይታያል፤ እረኛም ያየዋል። ያለ ጊዜው የወጣ ገንዘብ ግን በመዝገብ ውስጥ ነው፤ መዝገቡን ካላነበቡት አይታይም። በጓሳ ዙሪያ ካሉት ገበሬዎች መካከል ማንበብ የማይችሉ አሉ።

ከመካከላችን የመንዝ ጌራ፣ የማማና የላሎ ልጆች እንዳሉ አውቃለሁ። በመጪው ዕረፍት አገራችሁ ስትገቡ ከኮሚቴው ስብሰባ ተገኙ፤ ሒሳቡ በተሰብሳቢው ፊት ድምፅ ከፍ ተደርጎ ይነበብ እንደሆነ ጠይቁ፤ አንባቢ ከጎደለ እናንተ አንብቡ። ለማኅበራችን ጠቅላላ ጉባኤም ተመሳሳይ ሐሳብ አቅርቤአለሁ፤ ምርጫው ከመጀመሩ በፊት የዓመቱ ገቢና ወጪ ዝርዝሩ ሳይቀር ይነበብ። ጊዜ ይፈጃል ያሉ አሉ፤ እነርሱ እዚሁ ስለሚገኙ አሁን ተራው የእነርሱ ነው።