የትከሻዬ ታሪክ

የስፖርት ሳይንስ ምሩቃን፤ የማዕረጉን ዝርዝር ከእኔ በፊት የቆሙት ስለ ጨረሱልኝ፥ ለእኔ የተረፈኝ የትከሻዬ ታሪክ ነው።

በ1961 ዓ.ም. ከዳባት ለተማሪዎች ውድድር ወደ ጎንደር የመጣሁ ጦር ወርዋሪ ነበርሁ። ሌሊቱን በጭነት መኪና ላይ ብርድ ሲቆረጥመን አድረን፥ ጧት ሰውነታችን ሳይፍታታ ሜዳ ገብተን፥ ሁለተኛውን ስወረውር ከትከሻዬ ውስጥ ደረቅ እንጨት እንደሚሰበር ያለ ድምፅ ሰማሁ፤ ለአሠልጣኜ «አመመኝ» ብለው፥ «ወንድ ልጅ አመመኝ አይልም፤ ሦስተኛውን ወርውር» አለኝና ወረወርሁ። የስፖርት ዘመኔ በዚያች ጧት ተጀምሮ በዚያችው ጧት ተፈጸመ። እስከ ዛሬ ጋቢዬን የምደርበው በግራ እጄ ነው።

የሻምበል አበበ ቢቂላም ሩጫ ያበቃው በዚያው ዓመት ነበር። ጳጉሜን 5 ቀን 1952 ዓ.ም.፥ በዘመን መለወጫ ዋዜማ፥ በሮማ ጎዳና ማራቶንን በባዶ እግሩ ሮጦ በ2 ሰዓት ከ15 ደቂቃ ከ16 ሴኮንድ ክብረ ወሰን የሰበረው፥ በጥቅምት 1957 ዓ.ም. ደግሞ ትርፍ አንጀቱ ከወጣለት ስድስት ሳምንት ሳይሞላው በቶኪዮ በ2 ሰዓት ከ12 ደቂቃ ከ11 ሴኮንድ ድሉን የደገመው ያ ሰው፥ በጥቅምት 1961 ዓ.ም. በሜክሲኮ እግሩን ታሞ 17 ኪሎ ሜትር ያህል ከሮጠ በኋላ አቋረጠ፤ በዚያው ዓመት በመጋቢት ወር መኪናው ተገልብጣ እግሮቹ ከዱት። ከሮማ እስከ ሜክሲኮ ስምንት ዓመት ብቻ! እዚህ ጎንደር አንድ ደብተራ የአቋቋም መምህር እስኪባል ከዚህ የበለጠ ዘመን ይፈጅበታል፤ ነገር ግን እርሱ ሸምግሎም በመቋሚያው ተደግፎ ያስተምራል፥ የሯጭ ሙያ ግን ኃይለ ሥጋን የሚሻ ነውና ሽምግልናን አይጠብቅም።

አበበ በእንግሊዝ አገር በስቶክ ማንደቪል ሲታከም ከቆየ በኋላ፥ በ1962 ዓ.ም. እዚያው በአካል ጉዳተኞች ውድድር ቀስት ይዞ ቀረበ። እግሩ እምቢ ቢለው እጁን ጠራ። እኔ ግን ሁለት ደህና እግሮች እያሉኝ አኩርፌ በሜዳ አጠገብ ማለፍ እንኳ ጠልቼ ነበርና፥ ወሬውን በሰማሁ ጊዜ አፈርሁ። አበበ በጥቅምት 1966 ዓ.ም. ሲያርፍ ዕድሜው 41 ነበር።

እዚያ ጥግ በስልክ የምትስቁ ልጆቼ፥ ይህ ለእናንተም ነው፤ ከነገ ጀምሮ የአሠልጣኙ ፊሽካ በእናንተ አንገት ላይ ይንጠለጠላል። ሚስቴ «ስለ ማሟሟቅ ሳትናገር ውለህ አታድርም» ትለኛለች፤ እውነቷን ነው፥ ዛሬም እናገራለሁ። የደባርቅና የዳባት ጧት ብርዱ አጥንት ይሰብራልና፥ ልጆቹን ሩብ ሰዓት ሳታሟሙቁ ጦርም አሎሎም አታስይዟቸው። ከእነርሱም አንዱ «ትከሻዬን አመመኝ» ያላችሁ እንደ ሆነ፥ እባካችሁ፥ ጦሩን ከእጁ ተቀበሉት።