ከጥቁሩ ድንጋይ ሥር ያለው ባሕር

በወረታ፣ በርብና በጉማራ ወንዞች ዳር የምትኖሩ ሩዝ አምራቾች፣ ዛሬ የማወራችሁ ስለ እርሻችሁ አፈር አይደለም። ከእሱ በብዙ ስለሚጠልቀው ድንጋይ ነው።

እ.ኤ.አ. በ2006 በታተመ ጥናት፣ ተመራማሪዎች በጣና ሐይቅ አካባቢ ከመሬት ሥር ያለው ድንጋይ ኤሌክትሪክ ምን ያህል እንደሚያሳልፍ ለክተው ነበር። እስከ 250 ሜትር ከሚደርሰው የእሳተ ገሞራ ጥቁር ድንጋይ ሥር፣ ከ1.5 እስከ 2 ኪሎ ሜትር ውፍረት ያለው፣ ደለል ተነባብሮ የሠራው ድንጋይ እንዳለ ደረሱበት። ጥቁሩ ድንጋይ የፈሰሰው የዛሬ 30 ሚሊዮን ዓመት ገደማ ነው። ከሥሩ ያለውስ ስንት ዘመኑ ነው?

መልሱን ለመፈለግ ተመሳሳይ ንብርብር ተገልጦ ወደሚታይበት ወደ ዓባይ በረሃ እንሂድ። ከወረታ በባሕር ዳርና በደብረ ማርቆስ አድርጎ አዲስ አበባ የሄደ ሰው ከደጀን ቁልቁል ሲወርድ ንብርብሩን አይቶታል። መጀመሪያ ጥቁሩ ድንጋይ፣ ቀጥሎ የአሸዋ ድንጋይ፣ ከዚያ 400 ሜትር ገደማ የሚሆን ነጣ ያለ የኖራ ድንጋይ፣ ከሱ በታች ጅብሰም ያለበት ንብርብር፣ ከወንዙ አጠገብ ደግሞ ሌላ የአሸዋ ድንጋይ። ጅብሰም ያለበትን ክፍል የሥነ ምድር ተመራማሪው ጌታነህ አሰፋ እ.ኤ.አ. በ1981 ባሳተሙት ጽሑፍ በጎሐ ጽዮን ስም ሰይመውታል። የኖራውን ድንጋይ ስም ያወጣለት የሥነ ምድር ተመራማሪው ዊሊያም ብላንፎርድ ነው። አፄ ቴዎድሮስን ሊወጋ ከመጣው የእንግሊዝ ጦር ጋር እ.ኤ.አ. በ1868 ገብቶ፣ ትግራይ ውስጥ ባለችው በእንጣሎ ስም ጠራው።

ጥቁሩን ድንጋይ በላቦራቶሪ በውስጡ ካለው ፖታሲየም ተነሥተን ዕድሜውን እናሰላለን። የኖራ ድንጋይ ግን ከባሕር ውስጥ ዛጎልና ጭቃ የተሠራ ስለሆነ በዚህ መንገድ አይቆጠርም። የዘመኑ ምስክር በውስጡ የቀሩት ፍጥረታት ናቸው። ከእነዚህም እኔ የምመርጠው ትንንሾቹን፣ ፎራሚኒፌራ የሚባሉትን ነው። ባለ አንድ ሕዋስ ናቸው፤ ብዙዎቹ ቤታቸውን ከኖራ ይሠራሉ፤ አብዛኞቹም ከአንድ ሚሊ ሜትር አይበልጡም። ትልቅ ቀንድ አውጣ የመሰለ ቅሪት ለማግኘት ገደሉን ሙሉ ቀን መዞር ያስፈልግ ይሆናል፤ የጣት ጫፍ በምታክል ስባሪ ውስጥ ግን እነዚህ በርካታ ሆነው ይገኛሉ። ድንጋዩን በመጋዝ ቆርጠን፣ ብርሃን እስኪያሳልፍ ድረስ፣ ማለትም እስከ 0.03 ሚሊ ሜትር ፈግፍገን በማይክሮስኮፕ እናያለን።

ከእንጣሎ የኖራ ድንጋይ ነዋሪዎች አንዷ ኩርኑቢያ ትባላለች። በፍልስጥኤም ድንጋይ ውስጥ ተገኝታ እ.ኤ.አ. በ1948 የተገለጸች ዝርያ አላት፤ እሷው በመቀሌ ዙሪያም በዓረብ ምድርም ትገኛለች። ቀይ ባሕር ገና አልነበረም፤ አንዱ ጥልቀት የሌለው ሞቃት ባሕር እነዚህን አገሮች ሁሉ ሸፍኖ ነበር። ስለዚህ የእኛን ንብርብር ከባሕር ማዶው ጋር አጎራብተን ማንበብ እንችላለን። ይህ ለእኔ ከሥነ ምድር ግኝቶች ሁሉ የሚያስደንቀኝ ነው።

ነገር ግን ኩርኑቢያ ብቻዋን ጠባብ ዘመን አትሰጠንም። የኖረችው ከ20 ሚሊዮን ዓመት ላላነሰ ጊዜ ነው፤ ጁራሲክ የሚባለው ዘመን አጋማሽ ወይም መገባደጃ መሆኑን ትነግረናለች፣ በቃ። ዘመኑን የምናጠበው አብረዋት ያሉትን በመቁጠር ነው። አንዷ ዝርያ ሳትጠፋ ሌላዋ ከተነሣች፣ ሁለቱ ባንድ ድንጋይ ውስጥ ሲገኙ ያ ድንጋይ የተሠራው ሁለቱም በሕይወት በነበሩበት አጭር ጊዜ ነው።

እዚህ ላይ ጥንቃቄ የሚሻ ነገር አለ። ኩርኑቢያ ጥልቀት የሌለውን ባሕር የምትወድ ነበረች። በአንድ ንብርብር ውስጥ ብትጠፋ፣ ዘመኗ አለቀ ማለት ነው ወይስ ባሕሩ ጠለቀባት? የዝርያ ዝርዝር ብቻ ይዞ የሚፈርድ ሰው እዚህ ይሳሳታል። ጎርፍ ከአሮጌ ድንጋይ ጠርጎ ያመጣው ዛጎልም በአዲሱ ጭቃ ውስጥ ሊቀበር ይችላል።

ጉድጓድ ሲቆፈር ደግሞ ሌላ ችግር ይመጣል። መቆፈሪያው የሚያወጣው ፍርካሽ ከላይ ከሚናደው ጋር ይቀላቀላል። ስለዚህ የላይኛው ንብርብር ዛጎል ታች የተገኘ ይመስላል፤ የታችኛው ግን ወደ ላይ አይወጣም። በመሆኑም በጉድጓድ ውስጥ የምናምነው፣ ከላይ ወደ ታች ስንወርድ አንድ ዝርያ መጀመሪያ የታየበትን ጥልቀት ነው።

የ2006ቱ ልኬት ንብርብሩ መኖሩንና ውፍረቱን አሳየን፤ ኤሌክትሪክ ግን ዕድሜ አይናገርም። ከዓባይ በረሃው ንብርብር ጋር የአንድ ዘመን መሆኑን በእጃችን የሚያስጨብጠን ከዚያው ጥልቀት የወጣ ድንጋይ ነው። በአካባቢያችሁ በጣም ጥልቅ ጉድጓድ ሲቆፈር ከጥቁሩ ድንጋይ በታች ነጣ ያለ ፍርካሽ ከወጣ፣ ባለሙያዎቹ ከየስንት ሜትሩ እንደወጣ በየከረጢቱ ላይ ጽፈው እንዲያስቀምጡት አሳስቧቸው። ጥልቀቱ ያልተጻፈበት ስባሪ ዛጎሉ ቢታይም ንብርብሩን ለመለየት አይረዳንም።