የረጋ ውኃና የምታድግ ከተማ

ቢስሚላሂ ረሕማኒ ረሒም



ከዒሻ ሶላት በኋላ የተናገርኩትን በጽሑፍ እንዳቀርብ ኮሚቴው ስለ ጠየቀኝ እነሆ አቅርቤአለሁ።

ሐዋሳችን ከአዲስ አበባ በስተ ደቡብ 270 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ፣ በስምጥ ሸለቆ ውስጥ፣ ከባሕር ወለል በላይ ወደ 1,700 ሜትር ከፍታ ላይ ትገኛለች። ስሟ በሲዳምኛ ሰፊ ውኃ ማለት ነው። ሥፍራው ቀድሞ አዳሬ ይባል ነበር። ከተማዪቱ የተቆረቆረችው በ1952 ዓ.ም. ገደማ ሲሆን የሲዳሞ ጠቅላይ ግዛት መቀመጫም ኋላ ከይርጋለም ወደዚህ ተዛወረ። በ1986 ዓ.ም. ቆጠራ 69,169 የነበረው የከተማው ነዋሪ በ1999 ዓ.ም. ከ157 ሺህ በላይ ደረሰ። በ2008 ዓ.ም. ኢንዱስትሪ ፓርኩ ተመረቀ፤ በ2012 ዓ.ም. የሲዳማ ክልል ተመሥርቶ ሐዋሳ ርእሰ ከተማው ሆነች። ታቦርና አላሙራ ከቦታቸው አልተነቃነቁም፤ ቤቱ ነው ወደ እነርሱ የሄደው።

አሁን ወደ ሐይቁ እንመለስ። ከምሥራቅ ደጋ የሚወርዱት ጅረቶች በጨለለቃ ተጠራቅመው በጥቁር ውኃ ወንዝ ወደ ሐይቁ ይገባሉ። ከሐይቁ ግን የሚወጣ አንድም ወንዝ የለም። በምድር ውስጥ ከሚሰርገው በቀር ውኃው በፀሐይ ይተንናል፤ ቆሻሻው ይቀራል። ጨለለቃ ራሱ ሐይቅ ነበር፤ ዛፉ ከተመነጠረበት ዳገት የወረደ አፈር ሞልቶት ዛሬ ረግረግ ሆኗል።

በረጋ ውኃ መሽናት በሸሪዓችን የተከለከለ መሆኑን በመድረሳ ያልተማረ ልጅ የለም። «ሐይቁኮ ከቁለተይን እጅግ ይበልጣል፣ በቀላሉ አይነጀስም» የሚለኝ አይጠፋም። ልክ ነው፤ እኔም ለውዱእ አይሆንም አላልኩም። እኔ የማነሣው የአማናን ጉዳይ ነው። ዓሣውን የሚበሉት፣ ከብቱን የሚያጠጡት ጎረቤቶቻችን ናቸው።

በሌላው ከመፍረዳችን በፊት የራሳችንን ግቢ እንይ። የውዱእ ቦታችን ፍሳሽ በቱቦ ወጥቶ መንገድ ዳር ቦይ ይገባል፤ በክረምት ጎርፉ ወዴት እንደሚወስደው ታውቃላችሁ። ማስረጊያ ጉድጓድ እንቆፍር ሲባል ገንዘቡ ለሚናራው ይቅደም የተባለውንም ሰምቻለሁ። ሚናራ እኔም እወዳለሁ። ነገር ግን ጉድጓዱ ክረምት ሳይገባ ቢቆፈር ይሻላል እላለሁ፤ አካፋና ዶማ ያላችሁ እሑድ ከሱብሒ በኋላ ይዛችሁ ኑ።

ወሰላሙ ዐለይኩም።