«እዚህ የለም» አይበቃም

(ለዩኒቨርሲቲው ተማሪዎች ማኅበር ጠቅላላ ስብሰባ የተሰጠ ንግግር)



የማኅበሩ ጽሕፈት ቤት ስለ ሕግ አንድ ነገር እንድናገር በጠየቀኝ ጊዜ፥ ስለ ሕገ መንግሥት ታሪክ ወይም ስለ ታላላቅ ፈላስፎች የምናገር የመሰላችሁ ትኖራላችሁ። እኔ ግን ዛሬ የምናገረው ስለ አንድ ደብተር ነው። በየፖሊስ ጣቢያውና በየማረሚያ ቤቱ ስለሚቀመጠው፥ የተያዘ ሰው ስም፥ የተያዘበት ቀንና ሰዓት ስለሚጻፍበት መዝገብ ነው። ነገሩ ትንሽ ይመስላል፤ ሰው ከቤቱ ወጥቶ በቀረበት ቀን ግን ለቤተ ሰቡ ከዚህ ደብተር የሚበልጥ መጽሐፍ የለም።

በአንድ ምሳሌ ልጀምር። ባለፈው ክረምት ከመካከላችን የአንዱ ታናሽ ወንድም ማታ ከሥራ ሲመለስ በቦሌ በኩል ተይዞ ቀረ። ስልኩም ተዘጋ። እናቱ በማግሥቱ ጠዋት ምግብ ቋጥረው፥ ሹራብ ይዘው ወጡ። በመጀመሪያው ጣቢያ «እዚህ የለም» ተባሉ። በሁለተኛውም እንዲሁ። በሦስተኛው «ነገ ይመለሱ» ተባሉ። ከመገናኛ እስከ ገርጂ፥ ከገርጂ እስከ ሰሚት ሲንከራተቱ የቋጠሩት እንጀራ ደረቀ። ልጁ በአራተኛው ቀን ተገኘ፤ የተገኘውም በመጀመሪያው ቀን «እዚህ የለም» በተባለበት ጣቢያ ነው! ማታ የነበረው ተረኛ ስሙን በቁራጭ ወረቀት ጽፎ ኪሱ ከቶት ሄዷል፤ ጠዋት የተተካው ተረኛ ደግሞ ደብተሩን ብቻ አይቶ መልስ ሰጥቷል። ክፉ ልሥራ ብሎ የተነሣ ሰው አልነበረም። ቢሆንም እኚያ እናት ልጃቸው ይሙት ይኑር ሳያውቁ ሦስት ሌሊት አደሩ።

ጓደኞቼ፤ ይህ ጉዳይ ለተማሪ ማኅበር አዲስ አይደለም። በ1958 ዓ.ም. በዚሁ በከተማችን ምሥራቅ፥ በሾላ፥ ለማኞችና ቤት የሌላቸው ድሆች ከየመንገዱ እየታፈሱ የሚታጎሩበት ሰፈር ነበር። ጥፋታቸው ድህነታቸው ነበር። የዚያን ጊዜ የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ነገሩን በሰሙ ጊዜ «ድህነት ወንጀል ነውን?» ብለው አደባባይ ወጡ። ከዚያ ሰልፍ የምንማረው አንድ ትልቅ ነገር አለ። በፍርድ ቤት በኩል ሳያልፍ የተዘጋበት ሰው፥ ስሙን የሚያስቀር መዝገብ አይኖረውም። መዝገብ ከሌለው ደግሞ የት ነው ብሎ ለሚፈልገው ሰው መልስ የሚሰጥ አይገኝም።

ይህ የአያቶቻችን ዘመን ታሪክ ነው ብለን እንዳንጽናና፥ በ2015 ዓ.ም. የኢትዮጵያ ሰብዓዊ መብቶች ኮሚሽን ከአዲስ አበባ ዳር፥ በሸገር ከተማ ሲዳሞ አዋሽ በተባለ ስፍራ፥ ከጎዳና የተነሡ ሰዎች ጊዜያዊ ማቆያ በተባለ ቦታ ተይዘው እንደ ነበር ገልጿል። የቦታው ስም ተለወጠ እንጂ ጥያቄው ያው የሾላ ጥያቄ ነው። አንድ ሰው ወንድሙን ፈልጎ ወደ እንዲህ ያለ ቦታ ቢሄድ፥ የሚገለጥለት ደብተር የትኛው ነው?

አሁን ደግሞ ወደ ባሰው ዘመን ልመለስ። በኅዳር ወር 1967 ዓ.ም. በከርቸሌ ስለ ተገደሉት 60 ያህል ሰዎች አገር የሰማው በሬዲዮ ነው። ከዚያ በኋላ በመጣው በቀይ ሽብር ጊዜ ደግሞ ሬዲዮም የማይነግራቸው ቤተ ሰቦች ብዙ ነበሩ። በየቀበሌው፥ በየከፍተኛው እስር ቤት ተከፍቶ ነበርና፥ እናቶች የልጆቻቸውን መኖር የሚያውቁት በስንቅ ነበር። የምግቡ ዕቃ ባዶውን ከተመለሰ ልጁ በሕይወት አለ ማለት ነው። «ከእንግዲህ ስንቅ አታምጡ» ከተባሉ ግን ያ መርዶ ነው። እንግዲህ አስቡት፤ የአንድ ትልቅ ከተማ የእስረኞች መዝገብ የምግብ ሳህን ሆኖ ነበር!

ታዲያ በዚያ ዘመን የሚጽፍ ስላልነበረ ነውን? አይደለም። ደርግ ይጽፍ ነበር። በአዋጅ ቁጥር 22/1984 የተቋቋመው ልዩ ዓቃቤ ሕግ የደርግን ባለ ሥልጣኖች በከሰሰ ጊዜ ካቀረባቸው ማስረጃዎች ብዙዎቹ የራሱ የደርግ ወረቀቶች ነበሩ፤ ፊርማና ማኅተም ያለባቸው፥ «አብዮታዊ እርምጃ» የሚል ቃል የተጻፈባቸው። መዝገቡ ነበረ፤ የተዘጋው ግን ሊያየው በሚገባው ሰው ላይ ነው። እናት በሕይወት ሳለ ልታውቀው የሚገባትን፥ ፍርድ ቤት ከብዙ ዓመት በኋላ አነበበው። ስለዚህ ወንድሞቼ፥ መዝገብ አለን ማለት ብቻውን መልስ አይሆንም። መዝገቡ ለማን ይከፈታል፥ በስንት ሰዓት ውስጥ ይመልሳል የሚለው ነው ቁም ነገሩ።

በቅርቡም ይህን አይተናል። ነሐሴ 28 ቀን 2008 ዓ.ም. በቂሊንጦ እስር ቤት እሳት ተነሣ። መንግሥት በኋላ 23 እስረኞች መሞታቸውን አስታወቀ። የተረፉት ወደ ሌሎች እስር ቤቶች ተበተኑ። ቤተ ሰቦች ግን የሞተው የማን ልጅ እንደሆነ፥ የተረፈውም ወዴት እንደ ተወሰደ ሳያውቁ ለቀናት ከበር በር ሲመላለሱ ሰነበቱ። ቂሊንጦ ስም ዝርዝር ያለው እስር ቤት ነው። በዚያ ሳምንት ዝርዝሩን በሩ ላይ የሚያነብ አንድ ሰው ቢኖር ኖሮ፥ የስንቱ እንባ በቀነሰ ነበር!

ወደ ሕጉ እንምጣ። ሕጋችን በዚህ ነገር ደሃ አይደለም። የ1987ቱ ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 19፥ የተያዘ ሰው በ48 ሰዓት ውስጥ ፍርድ ቤት መቅረብ እንዳለበት ያዛል፤ ከተያዘበት ቦታ ወደ ፍርድ ቤት ለመምጣት የሚፈጀው ጊዜ አይቆጠርም። አንቀጽ 21 ደግሞ የተያዘ ሰው ከባለቤቱ፥ ከቅርብ ዘመዶቹ፥ ከጓደኞቹ፥ ከሃይማኖት አማካሪው፥ ከሐኪሙና ከጠበቃው ጋር የመገናኘትና የመጠየቅ መብት ይሰጠዋል። የት እንዳለ ያልታወቀ ሰው ግን በማን ሊጠየቅ ይችላል? እንግዲህ ቦታውን መንገር የመብቱ መጀመሪያ ነው።

ሰው የጠፋበት ቤተ ሰብ በየትኛው መንገድ ይሂድ? በመጀመሪያ ሰውዬው ወደ ተያዘበት አካባቢ ጣቢያ፤ ካልተገኘ ወደ ክፍለ ከተማው ፖሊስ መምሪያ፤ ቀጥሎ ወደ አዲስ አበባ ፖሊስ ኮሚሽንና ወደ ፌዴራል ፖሊስ ይሄዳል። ብዙ ሰው የሚረሳው ሌላ በር ደግሞ ፍርድ ቤት ነው። ፖሊስ ምርመራ ለመቀጠል ጊዜ ቀጠሮ ሲጠይቅ፥ በ1954ቱ የወንጀለኛ መቅጫ ሥነ ሥርዓት ሕግ መሠረት በአንድ ጊዜ ከ14 ቀን በላይ አይፈቀድለትም፤ ለዚያውም የመዝገብ ቁጥር ይከፈታል። ስለዚህ በጣቢያ «የለም» የተባለ ሰው በፍርድ ቤቱ ሬጅስትራር ዘንድ ስሙ ሊገኝ ይችላል። ፍርድ ቤት ወደ ማረሚያ ቤት የላከው ከሆነ ደግሞ የሚጠየቀው የፌዴራል ማረሚያ ቤቶች ኮሚሽን ነው።

ይህ ሁሉ ካልሆነ አካልን ነጻ የማውጣት አቤቱታ አለ። የ1958ቱ የፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕግ ከአንቀጽ 177 ጀምሮ የሚናገረው ስለዚህ ነው። የተያዘው ሰው ራሱ ባይችል ሌላ ሰው ስለ እርሱ ቃለ መሐላ አቅርቦ መክሰስ ይችላል፤ ፍርድ ቤቱም ያዘ የተባለውን ባለ ሥልጣን ሰውዬውን ይዘህ ቅረብ፥ ምክንያትህንም አስረዳ ብሎ ያዘዋል። ስንቶቻችን ይህን እናውቃለን? እኔ ራሴ የሕግ ተማሪ ሆኜ፥ ያ ጓደኛችን ሲጨነቅ ባየሁት ጊዜ አላስታወስሁትም። ይህን ስናገር እያፈርሁ ነው።

መረጃ የማግኘት መብትን የሚሰጠው አዋጅ ቁጥር 590/2000ም አለ ትሉኝ ይሆናል። አለ፤ ነገር ግን መልስ ለመስጠት እስከ 30 ቀን ይፈቅዳል። ለጥናት ጽሑፍ 30 ቀን ይበቃል፤ ለታሰረ ሰው ግን ብዙ ነገር የሚሆነው በመጀመሪያው ሌሊት ነው። እ.ኤ.አ. በ2005 የወጣው የሕንድ የመረጃ ሕግ ጥያቄው ስለ ሰው ሕይወት ወይም ነጻነት ከሆነ በ48 ሰዓት ውስጥ መልስ ይሰጥ ይላል። ከሕንድ የምንማረው ይህን ነው።

አሁን ከእናንተ መካከል አንድ ብርቱ ክርክር እንደሚነሣ አውቃለሁ። «ስም ዝርዝሩን ለሕዝብ መለጠፍ የሰውን ስም ማጥፋት አይደለምን? ነገ ነጻ ሲወጣ ሥራ ማን ይሰጠዋል? ልጁን ማን ያገባለታል?» የሚል ነው። ክርክሩ እውነት አለው። በአሜሪካ በብዙ ቦታ የተያዘ ሰው ስምና ፎቶግራፍ ገና ሳይፈረድበት ለማንም ይታያል። በዚህም ምክንያት ፎቶግራፎቹን እየሰበሰቡ «ይነሣልህ እንደሆነ ገንዘብ ክፈል» የሚሉ ነጋዴዎች ተነሥተው፥ አንዳንድ ግዛቶች ይህን የሚከለክል ሕግ እስከ ማውጣት ደርሰዋል። በእንግሊዝ አገር ግን እስረኛ የሚፈልግ ሰው ለመንግሥት ይጽፋል፤ መንግሥትም እስረኛውን «እገሌ ይፈልግሃል፤ ቦታህን ልንገረው?» ብሎ ይጠይቀዋል። እኔ የምደግፈው ለእንግዳ ሰው ይህን መንገድ ነው። ለእናት፥ ለአባት፥ ለባለቤትና ለጠበቃ ግን መልሱ በዚያው ቀን ይሰጥ። የምንጠይቀው የት እንዳለ ነው፤ ምን እንዳደረገ አይደለም። ሕገ መንግሥቱ ሳይፈረድበት እንደ ንጹሕ ይቆጠራል ያለውን ሰው እኛ በግድግዳ ላይ አንፈርድበትም።

ስለዚህ ሦስት ሐሳብ አቀርባለሁ።

አንደኛ፤ ማንኛውም ጣቢያ ሰው ሲጠየቅ «አለ» ወይም «የለም» የሚለውን በወረቀት ጽፎ፥ ቀኑንና ሰዓቱን አክሎ፥ ተረኛው ፈርሞበት ይስጥ ብለን ማኅበራችን ለሚመለከታቸው መሥሪያ ቤቶች ደብዳቤ ይጻፍ። በአፍ የተነገረ «የለም» ነፋስ ይወስደዋል፤ የተፈረመበት «የለም» ግን ተረኛውን ተነሥቶ ክፍሉን እንዲያይ ያደርገዋል።

ሁለተኛ፤ እናቶች ከጣቢያ ጣቢያ እንዳይንከራተቱ፥ የከተማው ጣቢያዎች ሁሉ የያዙትን ሰው በየማታው የሚያስታውቁበት አንድ የጥያቄ ቦታ ይኑር ብለን እንጠይቅ።

ሦስተኛው የእኛው የራሳችን ሥራ ነው። እ.ኤ.አ. በ1955 በጄኔቭ የወጣው የእስረኞች አያያዝ ደንብ፥ በየእስር ቤቱ ገጹ የተቆጠረ፥ የተጠረዘ መዝገብ ይኑር ብሎ ነበር። ገጹ የተቆጠረ የሆነበት ምክንያት ማንም ቅጠል እንዳይቀድበት ነው። እኛም እንዲህ ያለ አንድ ደብተር ገዝተን፥ የሕግ ተማሪዎች በየቀኑ ሁለት ሁለት ሆነው እየተረኙ፥ ዘመድ የጠፋበትን ተማሪ፥ መምህርና ሠራተኛ ወደ ጣቢያና ወደ ፍርድ ቤት ይሸኙ፤ አቤቱታም ይጻፉለት። ደብተሩ ለወሬ አይከፈት። በአንድ ዓመት ውስጥ የሚሞላው ገጽ አንድ ብቻ ቢሆን እንኳ ድካማችን ከንቱ አይሆንም።

በቋንቋችን «መጠየቅ» የሚለው ቃል ሁለት ሥራ አለው። መልስ መፈለግም መጠየቅ ነው፤ ታሞ ወይም ታስሮ ያለውን ሄዶ ማየትም መጠየቅ ነው። አባቶቻችን ሁለቱን በአንድ ቃል ያሰሩት ያለ ነገር አይመስለኝም። የታሰረን ለመጠየቅ አስቀድሞ የት ነው ብሎ መጠየቅ ያስፈልጋል። ሐሳቡን ለውይይትና ለድምፅ አቅርቤዋለሁ።