በሰው አገር መንገድ ላይ፦ የሞተር ብስክሌት ጉዞ ደስታና አደጋ

(በማኅበራችን ዓመታዊ ጉባኤ፥ በደብረ ብርሃን ከተማ የተደረገ ንግግር)




ስለ ሞተር ብስክሌት እንድናገር ጥሪው በደረሰኝ ጊዜ፥ አዘጋጆቹ ሌላ ሰው ፈልገው ስሜን በስሕተት የጻፉት መስሎኝ ነበር። ዕድሜዬ ከሰባ ያለፈ፥ የደብረ ብርሃን ብርድ ጉልበቴን የሚያሳምመኝ ጡረተኛ የጤና ባለሙያ ነኝ። በኋላ ግን ምክንያቱ ተገለጠልኝ። ከመካከላችን ወጣቶቹ ለትምህርትና ለሥራ ወደ ውጭ አገር እየሄዱ በዚያ ሞተር ብስክሌት ይነዳሉ፤ በአንጻሩ ደግሞ ተራሮቻችንን ለማየት ከሩቅ አገር በሞተር ብስክሌት የመጡ እንግዶችን ስብራት ያሰርን፥ ቁስልም የሰፋን ብዙዎች ነን። ስለዚህ ነገሩ የጨዋታ ብቻ ሳይሆን የሙያችንም ጉዳይ ነው። ከዚህም በላይ እኔ ራሴ በዚህ ጉዳይ የምናዘዘው አለኝ።

ደስታውን ላስቀድም፤ ደስታው ባይኖር አደጋውን የሚሸከም አይገኝምና።

የክትባት ፕሮግራም በአገራችን በ1972 ዓ.ም. ከተጀመረ ከጥቂት ዓመታት በኋላ፥ ከደብረ ብርሃን እስከ አንኮበር ያለውን 40 ኪሎ ሜትር ያህል መንገድ በሞተር ብስክሌት እመላለስበት ነበር። የክትባቱ ማቀዝቀዣ ሣጥን ከኋላዬ ታስሯል፤ በውስጡ ያለው መድኃኒት ከ2 እስከ 8 ዲግሪ መካከል መቆየት ስላለበት በመንገድ መዘግየት አይፈቀድልኝም። ሆኖም በልቤ የምጣደፈው ለመድኃኒቱ ብቻ አልነበረም። በመኪና የሚሄድ ሰው አገሩን በመስኮት ያያል፤ በሞተር ብስክሌት የሚሄድ ግን በአገሩ ውስጥ ያልፋል። የታጨደ ገብስ ሽታ፥ ከየጎጆው የሚወጣው የኩበት ጢስ፥ ከወፍ ዋሻ ደን በኩል የሚነፍሰው የጥድ መዓዛ ሁሉ ፊቱን ይዳብሱታል። ሜዳው አልቆ ገደሉ ሲጀምር ጅባራው በዳር ቆሞ፥ ጭላዳው በመንጋ ተቀምጦ፥ ከሥር ደግሞ የአፋር ቆላ እንደ ባሕር ተዘርግቶ ሲታይ፥ ሰው ክንፍ የተሰጠው ይመስለዋል። ይህን ስሜት ያልቀመሰ ሰው ሞተረኛውን እብድ ቢለው አልፈርድበትም።

አንኮበር ለባዕድ መንገደኛ አዲስ አገር አይደለችም። እ.ኤ.አ. በ1841 ሜጀር ሃሪስ የእንግሊዝን መልእክት ይዞ ወደ ንጉሥ ሣህለ ሥላሴ የመጣው ከታጁራ ተነሥቶ በዚሁ ዳገት ነው። ፈረንሳዊው ገጣሚ አርተር ራምቦም እ.ኤ.አ. በ1887 ለምኒልክ የሚሸጠውን ጠመንጃ አስጭኖ አንኮበር ቢደርስ፥ ንጉሡ ወደ እንጦጦ ሄደው ቆዩት። በዚያ ዘመን ወደ ሸዋ የሚወጣ መንገደኛ በየኬላው ይቆማል፤ ፈቃድ ይጠይቃል፤ ከባላገሩ ጋር በአንድ እርምጃ ይሄዳል። በቅሎ ሰላምታ ሳታስከፍል አታሳልፍም።

ሞተር የመጣው በኋላ ነው። እ.ኤ.አ. በ1907 ቤንትሌይ የተባለ እንግሊዛዊ የመጀመሪያውን አውቶሞቢል ከጂቡቲ አዲስ አበባ አስገባ። ቴድ ሳይመን የተባለው ጋዜጠኛ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1973 በትራያምፍ ሞተር ብስክሌት ከለንደን ተነሥቶ፥ በሱዳን በኩል ኢትዮጵያን አቋርጦ፥ በአራት ዓመት ዓለምን ዞረ። ሰባ ዓመት ሊሞላው ሲል ያንኑ ጉዞ ሊደግም ተነሥቶ በኬንያ ወድቆ እግሩን ሰበረ፤ ድኖም ጉዞውን ቀጠለ። እ.ኤ.አ. በ2007 ሁለቱ ተዋንያን ዩዋን ማክግሬገርና ቻርሊ ቡርማን ከስኮትላንድ እስከ ኬፕታውን ሲጓዙ በአገራችን አለፉ፤ ጉዞአቸውም በቴሌቪዥን ታየ። እንዲህ ያለውን ትረካ ያየ ወጣት ሁሉ ልቡ ይነሣሣል። ነገር ግን በየትረካው የምንሰማው የጋላቢውን ድምፅ ነው። በመንገዱ ዳር የቆመው ሰው ምን እንዳለ እምብዛም አልተጻፈም። እኔ ዛሬ የእርሱን ነገር ልናገር እወዳለሁ።

ወሩ ኅዳር ነበር። ጧት ከደብረ ብርሃን ስነሣ ሜዳው በውርጭ ነጥቷል። ወደ አንኮበር በሚያወርደው ቁልቁለት ስደርስ፥ በዚያን ጊዜ ብዙዎቻችን እንደምናደርገው፥ ቤንዚን ለመቆጠብ ብዬ ማርሹን ፈትቼ ሞተሩን አጠፋሁት። በጠጠሩ ላይ ያለ ድምፅ ስንሸራተት የሚሰማኝ ደስታ ከሁሉ ይበልጥ ነበር። ከአንድ ጠመዝማዛ ዘወር ስል፥ ገብስ የጫነች በቅሎ የሚስቡ አንድ አዛውንት መንገዱን ይዘው ይመጣሉ። ፍሬኑን ጨመቅሁት፤ ለብቻው አልበቃም። በቅሎዋ ደንብራ ዘለለች፤ አዛውንቱ የያዙትን ልጓም ሳይለቁ ወደ ዳር ተወረወሩ፤ እኔም ከነሣጥኔ በሌላው ዳር ወደቅሁ።

እኔ የተላጠው ጉልበቴና መዳፌ ብቻ ነበር። የእርሳቸው ቀኝ ክንድ ግን ሁለቱም አጥንቶቹ ተሰብረዋል። በእንጨትና በነጠላቸው ሳስረው አንድ ቃል አላሰሙም። ጨርሼ ቀና ስል መጀመሪያ የጠየቁኝ «በቅሎዋስ፥ ልጄ?» ብለው ነው። ቀጥለውም «አልሰማሁህም» አሉኝ። ጓዶቼ፥ ይህች ቃል እስከ ዛሬ አልለቀቀችኝም። ጥፋተኛው እኔ ሆኜ ሳለሁ ይቅርታ የሚጠይቁኝ እርሳቸው መሰሉ። እንዴትስ ይሰሙኛል? ድምፄን ያጠፋሁት ራሴ ነኝ።

ወደ ሐኪም ቤት እንውሰድዎ ብንላቸው ዘመዶቻቸው ወጌሻ መረጡ። ሽማግሌ ተቀምጦ ካሣ ከፍዬ ታረቅን። ክንዱ ግን ጠሞ ገጠመ፤ እርፍ የሚጨብጥ ኃይልም አላገኘም። በሚቀጥለው ክረምት በዚያ ሳልፍ ከበሬዎቹ ኋላ የቆመው የአሥራ ሁለት ዓመት ልጃቸው ነበር፤ ትምህርቱን ትቶ ነው። ደስታው የእኔ ነበር፤ ዋጋውን የከፈለው ግን ያ ቤት ነው።

ምናልባት «ይህ በገዛ አገርህ የሆነ ነው፤ ስለ ውጭ አገር ጉዞ ምን ያስረዳል?» የሚል ይኖር ይሆናል። እኔም አገሬ ነው ብዬ አስብ ነበር። ነገር ግን በዚያ መንገድ ከእኔ በፊት እግረኛና በቅሎ፥ እረኛና መንጋ ነበሩበት፤ በእነርሱ መካከል ባዕዱ እኔ ነበርሁ። በሰው አገር ሲሆን ደግሞ ባዕድነቱ እጥፍ ይሆናል፤ ነጂው ቋንቋውን፥ ሕጉንና የአየሩን ጠባይ ሁሉ አያውቅም።

ይህን ከብዙ ዓመት በኋላ ለሥልጠና ኬንያ በሄድሁ ጊዜ አየሁት። እንደምታውቁት በአገራችን የመኪና መንገድ ከግራ ወደ ቀኝ የተለወጠው በሰኔ ወር 1956 ዓ.ም. ነው፤ በኬንያ ግን እስከ ዛሬ በግራ ይነዳል። ከተማ ውስጥ፥ ከመኪናው ብዛት መካከል፥ አንድም ቀን አልተሳሳትሁም፤ የፊተኛው መኪና ይመራኛልና። የተሳሳትሁት ከከተማ ወጥቼ፥ በአንድ ቤንዚን ማደያ ሻይ ጠጥቼ፥ ጭር ወዳለው መንገድ ስመለስ ነው። እጄ በለመደው ወደ ቀኝ ወሰደኝ። አንድ የጭነት መኪና ጥሩምባውን እያስጮኸ ሲመጣብኝ ወደ ዳር ዘልዬ ተረፍሁ። በ60 ኪሎ ሜትር ፍጥነት የሚሄድ ሰው በእያንዳንዱ ሴኮንድ 17 ሜትር ያህል ይጓዛል፤ ለማሰብ የሚተርፈው ጊዜ ያን ያህል ነው። ስለዚህ አደጋው የሚያደባው ግርግር ባለበት ብቻ ሳይሆን፥ ከዕረፍት በኋላ፥ በባዶ መንገድ፥ ልብ በሚዘናጋበት ሰዓት ነው።

ወደዚህ ለሚመጣውም እንግዳ የእኛ ደጋ የራሱ ወጥመድ አለው። ደብረ ብርሃን ከባሕር ወለል 2,800 ሜትር ያህል ከፍ ትላለች፤ ጣርማ በር ከ3,000 ሜትር ያልፋል። በዚህ ከፍታ አየሩ ስለሚሳሳ ካርቡራቶር ያለው ሞተር ከኃይሉ ሩብ ያህሉን ያጣል፤ ካንዴላውም በጥላሸት ይሸፈናል። የጧቱ ብርድ 5 ዲግሪ ሲሆን በ60 ኪሎ ሜትር የሚነዳ ሰው ገላው የሚሰማው ከዜሮ በታች ነው፤ የደነዘዘ ጣት ደግሞ ፍሬንና ፍሪሲዮን በጊዜው አይጨብጥም። በጣርማ በር ጉሙ በድንገት ይወርዳል። በጣሊያን ወረራ ዘመን በተቆፈረው ዋሻ በፀሐይ ብርሃን መጥቶ የሚገባ ሰው ዓይኑ ጨለማውን እስኪለምድ ድረስ እንደ ዕውር ነው። ከአፋፉ እስከ ቆላው በሚወርደው ቁልቁለት ማርሹን በዝቅተኛው አስገብቶ ሞተሩ ራሱ እንዲይዝ ማድረግ ይገባል፤ ሞተሩን ማጥፋት ምን እንደሚያስከትል ነግሬአችኋለሁ።

ስለ ራስ ቁር፥ ወጣቶቹ ሄልሜት ስለምትሉት፥ ጥቂት ልጨምር። የዐረቡ ሎውረንስ በመባል የታወቀው እንግሊዛዊ እ.ኤ.አ. በ1935 ከሞተር ብስክሌቱ ወድቆ በስድስተኛው ቀን ሲሞት፥ ካከሙት መካከል ሂዩ ኬርንስ የተባለ የአንጎል ቀዶ ሐኪም ነበር። ነገሩ ከልቡ ስላልወጣ የወታደር ሞተረኞችን ጉዳት መርምሮ፥ እ.ኤ.አ. በ1941 የራስ ቁርን ጥቅም የሚያስረዳ ጽሑፍ አወጣ። እ.ኤ.አ. በ2008 የወጣው ሰፊ የጥናቶች ግምገማ እንደሚያሳየው የራስ ቁር የሞትን ዕድል በ42 በመቶ፥ የራስ ጉዳትን በ69 በመቶ ይቀንሳል። የዓለም የጤና ድርጅት ባቀረበው ዘገባ እ.ኤ.አ. በ2021 በመንገድ አደጋ ከሞቱት 1.19 ሚሊዮን ያህል ሰዎች 21 በመቶው ባለ ሁለትና ባለ ሦስት ጎማ ተሽከርካሪ ላይ የነበሩ ናቸው። አንድ ሐኪም በአንድ ሰው ሞት ተነሥቶ የብዙ ሰው ሕይወት ማትረፉ ለሙያችን ትልቅ ትምህርት ነው። ይሁን እንጂ የራስ ቁር የሚጠብቀው የለበሰውን ብቻ ነው። ባለ በቅሎውን የሚጠብቀው የነጂው ልብ ነው።

ስለዚህ ለመሄድ የተዘጋጃችሁትን ወጣቶች የምለምናችሁ ጥቂት ነገር ነው። ከመነሣታችሁ በፊት የምትሄዱበትን አገር የመድን ሕግ ዕወቁ። በአገራችን አዋጅ ቁጥር 799/2005 የሦስተኛ ወገን መድንን አስገዳጅ አድርጎታል፤ ወደ ጎረቤት አገር ለሚሻገር ደግሞ የኮሜሳ ቢጫ ካርድ አለ። ይህ ወረቀት ለፖሊስ የሚታይ ብቻ አይምሰላችሁ፤ የማታውቁት ሰው ክንድ ሲሰበር ልጁ ከትምህርት ቤት እንዳይወጣ የሚያደርግ ነው። በመጀመሪያው ቀን ጥቂት ተጓዙ። በየጠመዝማዛው ጥሩምባ ንፉ። ታቦት፥ ለቅሶ ወይም የገበያ ሰው ስታገኙ ቆማችሁ አሳልፉ። ስለ መንገዱ ሰላምም የአገሩን ሰው ሳትጠይቁ አትነሡ። በክልላችን ከ2015 ዓ.ም. ወዲህ የተነሣው ግጭት ስንቱን መንገደኛ ከመንገድ እንዳስቀረ የምታውቁት ነው፤ ካርታ ይህን አይነግርም፤ የሚነግረው የመንደሩ ሰው ነው። ለሚመጡብን እንግዶችም ይህንኑ በትሕትና እንንገራቸው።

አትሂዱ አልላችሁም። እኔ ዛሬ እንደገና ወጣት ብሆን ያንን ቁልቁለት ለማየት ነገ ጧት እነሣ ነበር። ነገር ግን ሞተሬን አላጠፋም። ከጠመዝማዛው ስደርስ ፍጥነቴን ቀንሼ፥ ከወዲያ የሚመጣው ሰው አስቀድሞ እንዲሰማኝ አደርጋለሁ። ከአጠገባቸውም ስደርስ ቆሜ፥ «እንደምን አደሩ፥ አባቴ» ብዬ፥ በቅሎዋን አሳልፌ፥ ከዚያ እሄዳለሁ።