ተመልሶ ብቻውን የቀረ ሊቅ

(በቁስቋም በተደረገው የተማሪዎች ስብሰባ የተነገረ)



ውጭ አገር ተምረው ስለማይመለሱ ወጣቶች በተነጋገርን ቁጥር ወቀሳው ሁሉ የሚወርደው በሄዱት ላይ ነው። እኔ ግን ዛሬ የማነሣላችሁ ተመልሶ ስለ ነበረ ሰው ነው፤ ይኸውም ፓኪስታናዊው የፊዚክስ ሊቅ አብዱስ ሰላም ነው።

ሰላም በ1926 (ዘመኑን የምጠራው እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ነው) ተወልዶ ጃንግ በምትባል ትንሽ ከተማ አደገ። በ14 ዓመቱ በፑንጃብ ዩኒቨርሲቲ የመግቢያ ፈተና አንደኛ ወጣ። በ1946 በነጻ ትምህርት ወደ ኬምብሪጅ ሄደ።

በ1951 ወደ ላሆር የተመለሰው ስለ አቶም ንኡሳን ቅንጣቶች የሚመራመር ክፍል ለማቋቋም አስቦ ነበር። ነገር ግን የሚወያየው የሙያ ጓደኛ አጣ። የኮሌጁ ኃላፊም ምርምሩን እንዲረሳ መክሮ፣ ከማስተማሩ በተጨማሪ ገንዘብ ያዥነትን፣ የተማሪዎች ማደሪያ ኃላፊነትን ወይም የእግር ኳስ ክለብ መሪነትን እንዲመርጥ ነገረው። ሰላም ኳሱን መረጠ። አትሳቁ፤ ነገሩ የሚያስቅ አይደለም! ስመ ጥሩው ፓውሊ ቦምቤይ በመጣ ጊዜ ሊያገኘው ቢሄድ፣ ያለ ፈቃድ ከሥራ ቀርተሃል ተባለ።

በጎንደር አድባራት ዙሪያ በቅኔ ቤት ያለፉ ወንድሞቻችን ይህ ሳይገባቸው አይቀርም። የተቀኘውን የሚሰማለትና የሚያርምለት ያጣ ተማሪ እስከ ምን ይገፋል?

በ1954 አገሩን ለቆ ወደ ኬምብሪጅ ተመለሰ፤ በ1957 በሎንደን ኢምፔሪያል ኮሌጅ ፕሮፌሰር ሆነ። በኋላም የኤሌክትሪክና የማግኔት ኃይል፣ በአቶም እምብርት ውስጥ አንዱን ቅንጣት ወደ ሌላ ከሚለውጠው «ደካማ» ከሚባለው ኃይል ጋር ከምንጩ አንድ መሆኑን በሒሳብ አሳየ። ግላሾውና ዋይንበርግም ወደዚሁ ሐሳብ በየፊናቸው ደርሰው ነበርና ሦስቱ በ1979 የኖቤልን ሽልማት ተካፈሉ። መኖራቸው አስቀድሞ በሒሳብ የታወቀው ደብልዩና ዜድ የተባሉት ቅንጣቶች በ1983 ጄኔቫ አጠገብ በሚገኘው በሴርን ተገኙ።

ለእኔ ከሽልማቱ የሚበልጠው በ1964 በኢጣልያ በትሪየስተ ከተማ ያቋቋመው የፊዚክስ ማእከል ነው። ከድኃ አገር የመጣ መምህር ለጥቂት ጊዜ እዚያ ተቀምጦ፣ አንብቦና ከባልንጀሮቹ ጋር ተከራክሮ፣ ወደ ተማሪዎቹ ይመለሳል። ከአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲም የሄዱ መምህራን አሉ። ሰላም አገሩንና ዕውቀቱን እንዲያማርጥ የተገደደበት ችግር በሌላው ላይ እንዳይደርስ ማሰቡ ነው።

አገሩ በ1974 የእርሱን የአሕመዲያ ወገን ከእስልምና ውጭ ነው ብላ በሕግ ደነገገች። እርሱ ግን ዜግነቱን አልለወጠም፤ በ1996 ኦክስፎርድ ላይ ሲሞት የተቀበረው በፓኪስታን ነው።

አሁን ለማኅበራችን አንድ ሐሳብ አቀርባለሁ። ከውጭ የተመለሱ መምህራኖቻችን ምርምራቸውን የሚነግሩን፣ እኛም የምንጠይቅበት ጉባኤ በወር አንድ ቀን ይኑረን። መምህራን ከፈቀዱ፣ የመጀመሪያው በሚመጣው ወር ቢሆን ምን ይመስላችኋል?