የኩሬ ዓሣ ቁስልና የውኃው ድርሻ



በሬ ሲታመም ያቃስታል፤ በግም ከመንጋው ወደ ኋላ ይቀራል። የኩሬ ዓሣ ሕመም ግን ለባለቤቱ የሚገለጠው ብዙ ጊዜ ቅርፊቱ ረግፎ፣ ቆዳው ቀልቶና ቆስሎ ሲገኝ ነው። በዚያን ጊዜ የወራት ድካም ከጥፋት አፋፍ ላይ ደርሷል።

ይህን ቁስል ከሚያመጡት ተሐዋስያን ዋነኛው ኤሮሞናስ ሃይድሮፊላ የተባለው ባክቴሪያ ነው። ይኸውም ከጤነኛ ዓሣ ጋር በአንድ ውኃ ውስጥ የሚኖር ነው። ስለዚህ የባለሙያው ጥያቄ «ተሐዋሲው ከየት መጣ?» ሳይሆን «ዓሣው ዛሬ ስለ ምን ተሸነፈለት?» የሚል ሊሆን ይገባል።

በንፋስ ስልክ ላፍቶ ኩሬ ለሚቆፍር ሰው መልሱ ከሦስት ነገሮች ይገኛል። አንደኛው ከፍታ ነው። ከባሕር ወለል በላይ 2,300 ሜትር ያህል በሆነ ስፍራ ውኃ የሚይዘው ኦክሲጅን፣ በእኩል ሙቀት በባሕር ጠረፍ ከሚይዘው ሦስት አራተኛ ገደማ ነው፤ ይህም ጎሕ ሲቀድ ከሁሉ ያንሳል። ሁለተኛው ብርድ ነው። ለቆሮሶ የሚስማማው ከ25 እስከ 30 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሲሆን፣ ውኃው ሲቀዘቅዝ ዓሣው መብል ይቀንሳል፤ ሕመም የመከላከል ኀይሉም ይደክማል። ሦስተኛው የውኃው ምንጭ ነው። ትንሹ አቃቂ የፋብሪካና የመኖሪያ ቤት ፍሳሽ ተሸክሞ ወደ አባ ሳሙኤል ይወርዳል፤ ከእርሱ የተቀዳ ውኃ የዓሣውን ስንጥብና ቆዳ ይጎዳል። በዚህ ላይ ዓሣው ከልክ በላይ ከታጨቀና ሸካራ መረብ ከላጠው፣ ለተሐዋሲው በሩ ተከፈተ ማለት ነው።

በዚህ ጊዜ ለዶሮ የተገዛ ኦክሲቴትራሳይክሊን ወደ ኩሬው መበተን ቀላል መፍትሔ ይመስላል። ነገር ግን ምክንያቱ ሳይነካ ይቀራል፤ ባክቴሪያውም መድኃኒቱን መቋቋም ይለምዳል፤ ውኃውም ወደ ጓሮ አትክልት ሲለቀቅ መዘዙ ወደ ሰው ይተርፋል።

ትክክለኛው አሠራር እንዲህ ነው፦ በማለዳ ኦክሲጅኑን መለካት፣ የሞተውን አውጥቶ መቅበር፣ ብዛቱን መቀነስ፣ ንጹሕ ውኃ መጨመር። ከዚያም ገና ነፍሱ ካልወጣች ሕመምተኛ ዓሣ ኩላሊት ናሙና ወስዶ ወደ ላቦራቶሪ መላክና፣ መድኃኒት የሚታዘዘው ባክቴሪያው የሚሸነፍበት ከታወቀ በኋላ ብቻ እንዲሆን ማድረግ። ተሐዋሲው በቁስል በኩል ሰውንም ስለሚይዝ፣ እጁ የቆሰለ ሠራተኛ ያለ ጓንት ዓሣውን አይንካ። ለምክርም ቢሆን በሰበታ የሚገኘው ብሔራዊ የዓሣ ምርምር ማዕከል ከዚህ ክፍለ ከተማ ሩቅ አይደለም።

እንግዲህ ወደ ኩሬ የተጠራ ሐኪም ሕመምተኛው ዓሣው ብቻ እንዳልሆነ ይወቅ፤ አስቀድሞ የሚመረመረው ውኃው ነው።